የሞንቴሶሪው ቁም ሳጥን

ድሬ ዳዋ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሂባቅ፣ ጅቡቲ

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላህ። ይህን የምጽፍልሽ እኔ ወንድምሽ በድሩ ነኝ፤ በገዛ እጄ። ጸሐፊ አልቀጠርኩም፣ የጎረቤት ልጅ አላስቸገርኩም። የማታ ትምህርቱን ጨርሼ የምስክር ወረቀቴን ተቀብያለሁ። ከሠላሳ አንድ ጎልማሳ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ የወጣው ሥጋ ሻጩ ዋርፋ ነው፤ በእኔና በእሱ መካከል ያለው ርቀት ከዚህ እስከ ቢዮ አዋሌ ይሆናል። አስተማሪው ራሱ "አንተ በልጅነትህ ብትማር ኖሮ ዛሬ ቢሮህ ለመግባት ቀጠሮ እንይዝ ነበር" ብሎኛል። ስለዚህ ከእንግዲህ ስልክ እየደወልሽ አታድክሚኝ። ስልክ ላይ ማንም ይጮኻል። እኔ እጽፋለሁ፣ ጦልሃ በጭነት መኪናው ያደርስልሻል፣ አንቺም በእሱው ትመልሻለሽ።

ልጅሽ ሙኒያ ለመስከረም የት ትግባ ያልሽውን አልረሳሁም። ያን የነገሩሽን ትንሽ ትምህርት ቤት አይቼ መጥቻለሁ። ከዚራ ሰፈር ነው፣ ዛፎቹን አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ። ሰሌዳው ትልቅ ነው። ከሰሌዳው ኋላ ያለው ግን የድሮ የባቡር ሠራተኛ የኖረበት አንድ አሮጌ ቪላ ነው፤ ሰሌዳውን አውርደው ቢያስተኙት ግቢው አይበቃውም። "ሞንቴሶሪ" ይላል። ቃሉን ያነበብኩት ባጃጁ ሳይቆም ነው።

አሁን ቤተሰብ ስለዚህ ቤት ማወቅ ያለበትን ልንገርሽ። ልጆቹ በጠቅላላው ሠላሳ አራት ናቸው። ቀፊራ ገበያ አንድ የሽንኩርት መኪና ሲራገፍ ከዚያ የሚበልጥ ሰው ይሰበሰባል። የስድስት ዓመቱም የዘጠኝ ዓመቱም አንድ ክፍል ውስጥ ነው። "አንደኛ ክፍል የታለ፣ ሦስተኛ ክፍል የታለ?" ብል፣ "አብረው ናቸው፤ ትልቁ ለትንሹ ያሳየዋል" አሉኝ። እና አስተማሪዋ ምን ትሠራለች ብዬ ዞር ስል ጫማዋን አውልቃ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ተሻለች ትባላለች። ድምፅ የላትም። አንድ ልጅ ጆሮ ውስጥ ገብታ እንደ ሌባ ነው የምታንሾካሹከው።

የክረምት ትምህርት ላይ ነበሩ። አንዱ ልጅ ምስር ከአንድ ጣሳ ወደ ሌላ ጣሳ ይገለብጣል። ይጨርስና መልሶ ይገለብጣል። ቆሜ ቆጠርኩለት፣ አሥራ አንድ ጊዜ። ሂባቅ፣ እኔ ቀፊራ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ምስር ስገለብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማንም ተማሪ ብሎኝ አያውቅም። አንዷ ስኒ ታጥባለች። ሌላዋ አናጢ እንጨት ከሚያለሰልስበት ሻካራ ወረቀት የተቆረጠ ፊደል በጣቷ ትዳብሳለች። ጣሳዎቹ የቲማቲም ጣሳ ናቸው፤ ያቺው አስተማሪ ለቃቅማ የሠራቻቸው። ለዳይሬክተሩ ለአቶ ኃይለመለኮት በፊቱ ነገርኩት፦ "ይሄ የእኔ ሱቅ ጓሮ ነው እንጂ ትምህርት ቤት ነው? ቆርቆሮ ደርድራችሁ የሰው ልጅ ስትሰበስቡ አታፍሩም?" አልኩት። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

ፈተና የለም። ደረጃ የለም። "ታዲያ ጎበዙን በምን ትለዩታላችሁ?" ስለው "እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው" አለኝ። አቦ፣ ይሄ እኮ የሰነፍ መልስ ነው። ዋርፋም በራሱ ፍጥነት ነበር የሚሄደው።

አንድ ነገር ብቻ ወደድኩ። ከበሩ ፊት ለፊት ባለ መስታወት ቁም ሳጥን አለ። ከውጭ አገር የመጣ ዕቃ ሞልቶታል፤ ሮዝ የተቀቡ እንጨቶች፣ በሽቦ የተሰኩ ወርቅማ ዶቃዎች፣ ከእንጨት የተቆራረጠ ካርታ። ልክ የእናታችንን ቡፌ ነው የሚመስለው፤ ያ ጠርዙ ወርቅ የሆነው የእንግዳ ስኒ የነበረበትን። ቁልፉ አቶ ኃይለመለኮት ቀበቶ ላይ ተንጠልጥሏል። "ዕቃው ስንት ዓመቱ ነው?" ስለው "አራት" አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ልጅ በሞላበት ቤት አንዲት ዶቃ ሳትጎድል። ያን ጊዜ ሰውየውን አከበርኩት።

ሙኒያ ደህና ናት። ትበላለች። ቁመቷ የባለቤቴን የዳሃቦን ወገብ አልፏል። የድሮውን ትምህርት ቤት ለምን ጠላችው ያልሽውን በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ፣ ወረቀቱ አለቀ።

ወንድምሽ በድሩ፣ ባለ ወረቀቱ

&nbsp;

ጅቡቲ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ በድሩ፣

ወአለይኩም ሰላም። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጽሕፈትህ ያምራል። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጽፈው፤ ቆርጠህ ግድግዳ ላይ ለጥፈው።

ሙኒያ ግራኝ መሆኗን ነግረሃቸዋል ወይ ብዬ ነበር የጠየቅኩህ። አንተ ስለ ቲማቲም ጣሳ ጻፍክልኝ። እጇን ይመቷታል ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። ስለ ዋርፋ ጻፍክልኝ።

እኔ ይህን ትምህርት ቤት ከሰው ሰምቼ አይደለም የፈለግኩት። የምሠራበት ቤት ያለችውን ልጅ ጠዋት ጠዋት ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ፤ የእሷም ትምህርት ቤት እንደዚያው ነው። አንድ ቀን ውሃ ስትቀዳ ደፋች። በሩ ላይ ቆሜ አሁን ሊጮኹባት ነው ብዬ ጠበቅኩ። ማንም ዞር አላለም። ሄዳ ጨርቅ አመጣች፣ ወለሉን አበሰች፣ እንደገና ቀዳች። አምስት ዓመቷ ነው። እኛ ቤት አንድ ብርጭቆ የሰበረ ልጅ እስኪያገባ ድረስ ይነገርበታል። እዚያ ክፍል ሁለት ልጆች በግራቸው ይጽፋሉ፤ ያን የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ስለዚያ ስለ ወደድከው ቁም ሳጥን። በድሩ፣ የትምህርት ቤቱ በሽታ እሱ ነው። ያ ዕቃ የተሠራው ሊነካ ነው። ልጁ ይደረድረዋል፣ ሲሳሳት ዕቃው ራሱ አልገጥም ይለዋል፣ አስተማሪ ሳይቆጣው ራሱ ያስተካክለዋል። ከተቆለፈበት ግን ማገዶ ነው፤ ሮዝ የተቀባ ማገዶ። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ዶቃ ካልጎደለች አራት ዓመት ሙሉ አንድ ልጅ አልተማረባትም ማለት ነው። አንተ ዳይሬክተሩን ያከበርክበት ነገር እኔ የማፍርበት ነው። የሳቅክባቸው ጣሳዎች ናቸው ትምህርት ቤቱ።

ሌላው። ዳሃቦ ጋ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሙኒያ "ተኝታለች"። አንዱን የደወልኩት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ናት እንጂ የሌሊት ዘበኛ አይደለችም።

የሥራ ውሌ እስከ ሰኔ ነው። በመስከረም ጥዬ ከመጣሁ ፈቃዴ ይሰረዛል፣ ሁለተኛ አያስገቡኝም። ይህን አውቀህ እውነቱን ጻፍልኝ። ልጄ ምን ሆናለች?

ሂባቅ

&nbsp;

ድሬ ዳዋ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሂባቅ፣

ወአለይኩም ሰላም። ዘግይቻለሁ፣ አፉ በይኝ። የጦልሃ መኪና ተበላሽቶ ነው ልልሽ ነበር። መኪናው ምንም አልሆነም። ሦስት ወረቀት ጽፌ ቀድጄ ነው።

ነገሩ ጥር ላይ ነው። ያ ትልቁ ትምህርት ቤት፣ ሰማንያ ሦስት ልጅ አንድ ክፍል የሚታጨቅበት። አስተማሪው የሙኒያን ግራ እጅ በሻሽ ከአግዳሚው ጋር ያስረው ጀመር። ቀኟን እስክትለምድ ነው አለ። አንድ ሳምንት እንዲያ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ሙኒያ በቀኟም በግራዋም መጻፍ ተወች። እርሳስ ሲሰጧት ሁለቱንም እጆቿን ቀሚሷ ሥር ትከታለች። ዳሃቦ ከሰል ሰጥታት ግድግዳውን እንዳሻሽ ሞነጫጭሪው አለቻት፤ ግድግዳችንን ታውቂዋለሽ፣ ዳሃቦ ሰው እንኳ አታስደግፍበትም። እሱንም እምቢ አለች። ከየካቲት ጀምሮ ቤት ናት።

"ተኝታለች" ስትልሽ በዳሃቦ አትፍረጂ። በይ ያልኳት እኔ ነኝ። ልጅቱ ድምፅሽን ከሰማች ታለቅሳለች፣ አንቺም ለቅሶዋን ከሰማሽ ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው።

ማክሰኞ ሙኒያን ይዤ ሞንቴሶሪው ሄድኩ። እንዳልሽው ስለ ግራ እጅ ጠየቅኩ። አቶ ኃይለመለኮት "እኛ ዘመናዊ ነን" አለ። እኔ ስለ እጅ ስጠይቀው እሱ ስለ ዘመን ይነግረኛል። ደግሜ ስጠይቀው "እርስዎ አይጨነቁ" አለኝ። ድሬ ውስጥ እርስዎ የሚለኝ ሰው ወይ ሊሸጥልኝ ነው ወይ ሊያባርረኝ ነው።

እስኪ ቁም ሳጥኑን ክፈት አልኩት። ከፈተ። ሮዞቹን እንጨቶች አንድ በአንድ በመሐረብ ይዞ አወጣ፤ እሱ ራሱ በባዶ እጁ አይነካቸውም። "ልጆቹ መቼ ነው የሚነኩት?" አልኩት። "በወላጆች ቀን፣ የተመረጡ ልጆች፣ እጃቸውን ታጥበው" አለኝ። ሰርግ ነው ወይ? ባለፈው አከበርኩት ብዬ የጻፍኩልሽን መስመር ሰርዢው። ቀይ እስክሪብቶ ካለሽ በቀይ።

እኔ ከሱ ጋር ስጨቃጨቅ ሙኒያ ከጎኔ ጠፋች። ብፈልጋት ያቺ ድምፅ የሌላት አስተማሪ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ምስር ትገለብጣለች። በግራዋ ነው። ማንም ምንም አላላትም። እኔ ግን "በቀኝሽ" አልኩ። ወላሂ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ጣሳው ከእጇ ወደቀ፣ ምስሩ ወለሉን ሞላው። ተሻለች ተነሣችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችልኝ። ለእኔ፣ ለበድሩ፣ አፉን ሲከፍት ቀፊራ ሚዛኑን ለሚያቆምለት ሰው። ከዚያ በሩን አሳየችኝ። በረንዳው ላይ አንድ የሕፃን ወንበር አለ። ጉልበቴ ጆሮዬን እየነካ አንድ ሰዓት እዚያ ተቀመጥኩ፤ የሚያልፍ ሁሉ የተቀጣ ተማሪ መሰልኩት።

ስመለስ ምስሩ አንድ ሳይቀር ተለቅሟል። ሙኒያ እንደገና እየገለበጠች ነው። እርሳስ አይደለም፣ ምስር ነው፣ አውቃለሁ። ግን በግራዋ ነው።

በድሩ

&nbsp;

ጅቡቲ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

በድሩ፣

ሰላምታውን አንተው ጨምርበት፤ እኔ እጄ አልሄደልኝም።

አስተማሪው እንዲያስራት ማን ፈቀደለት የሚለውን በጦልሃ በቃል ልኬብህ ነበር። "በድሩ ዝም አለ" ብሎ መጣ። አንተ ዝም ካልክ መልሱ ታውቋል። ደስ ብሎህ ሄደህ "ቀኝ አስለምድልኝ" ያልከው አንተ ነህ። ያን ቀን እንዴት እንደ ተናገርክ እንኳ ይታየኛል፤ አስተማሪውን ትከሻውን መታ መታ እያደረግክ።

በቀኟ ትብላ። በግራዋ ትጻፍ። ይህን መለየት ያቃታችሁ ሁለት ትልልቅ ወንዶች ናችሁ፤ አንዱ አስተማሪ፣ ሌላው ከሠላሳ አንድ ሰው አንደኛ የወጣ። ሰባት ወር ሙሉ ልጄ እጇን ቀሚሷ ሥር ደብቃ ስትቀመጥ አንተ ማታ ማታ ደብተርህን ታቅፈህ ትሄድ ነበር።

አሁን ስማኝ። የዚያ ትምህርት ቤት ጥሩ ነገሩ ሰሌዳውም ቁም ሳጥኑም አይደለም፣ ሴትዮዋ ናት። ሦስት ነገር ጠይቃት። ዳይሬክተሩን አይደለም፣ እሷን። አንድ ልጅ አንዱን ሥራ ሃያ ጊዜ መድገም ቢፈልግ ማን ያስቆመዋል? ሲሳሳት ማን ይነግረዋል? ግራኝ ልጅ ስታይ ምን ታደርጋለች? መልሷን እንዳለ ጻፍልኝ፣ ምንም ሳትጨምርበት።

በመስከረም እሷ እዚያ ካለች ሙኒያን አስመዝግባት። ከሌለች ንገረኝ፣ እመጣለሁ። ፈቃዱ ይሰረዝ።

ሂባቅ

&nbsp;

ድሬ ዳዋ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታውን እኔው ጨምሬዋለሁ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ትከሻውንም መታ አድርጌዋለሁ። ሰው በግራዋ ስትጽፍ ቢያያት አሳዳጊ የላትም ይላል ብዬ ነው። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም፤ ቢኖረኝም የሚያምርልኝ አይሆንም።

ሴትዮዋን ጠየቅኳት። መልሷ እንዳለ ይኸው። የመጀመሪያው፦ "ማንም አያስቆመውም፤ የምሳ ሰዓት ካልደረሰ።" ሁለተኛው፦ "ምስሩ ይነግረዋል።" ማለቷ፣ ሲሳሳት ምስሩ ይፈስሳል፣ ዓይን አለው ያየዋል። ሦስተኛውን ስጠይቃት ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ የሙኒያን ስም በግራ እጇ ጻፈችና ወረቀቱን ሰጠችኝ። እሷ ራሷ ግራኝ ናት። ሰው እንዴት በዚህ ያህል ትንሽ ቃል ይኖራል?

አሁን መጥፎውን ልንገርሽ፣ ስደብቅብሽ ያመጣሁትን አይቻለሁና። አቶ ኃይለመለኮት ጣሳዎቹ፣ ምስሩ፣ ያ ሻካራ ፊደል፣ ሁሉም ከክፍሉ ይውጡ ብሏል። "አንድ ወላጅ መጥቶ ቆርቆሮ ደርድራችሁ አታፍሩም አለኝ፤ ለአዲሱ ዓመት ወላጆች ሲመጡ ይህን አላሳይም" ነው ያላት። ያ አንድ ወላጅ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጽፌልሻለሁ እኮ፣ ያውም እየሳቅኩ። ሰውየው አራት ወር ብመክረው አይሰማኝም፤ ስሳደብ ግን ቃል በቃል ያዘልኝ።

ተሻለች ይህን ስትነግረኝ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "እኔ በባዶ ምንጣፍ አላስተምርም። ዕቃው ከወጣ እኔም ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ" ብቻ አለች። ሙኒያ ባለፈው ሳምንት ለክረምቱ ትምህርት አራት ቀን ሄዳለች። ዓርብ ሻካራውን ፊደል በጣቷ ስትዳብስ በመስኮት አየኋት። ቆሜ ማየት የተፈቀደልኝ በመስኮት ነው።

የወላጆች ስብሰባ መስከረም 3 ነው። እስከዚያ ሻንጣሽን አትሰብስቢ። እኔ ያበላሸሁትን እኔው ላስተካክለው። አንድ ጊዜ ብቻ እመኚኝ፣ ሁለተኛ አልለምንሽም።

በድሩ

&nbsp;

ድሬ ዳዋ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሂባቅ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንኳን አደረሰሽ። የስብሰባውን ነገር ጦልሃ ቀድሞ እንደነገረሽ ሰምቻለሁ። ጦልሃ አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ፤ የእሱን ተዪው። ዳይሬክተሩን መታሁት ብሎሽ ከሆነ ውሸት ነው።

አቶ ኃይለመለኮት ሱፍ ለብሶ መጣ። ቁም ሳጥኑን በቁልፍ ከፈተና ሁለቱንም መስታወት ወለል አደረገው። ወላጆቹ አጨበጨቡ። ሰው ለተከፈተ ቁም ሳጥን ሲያጨበጭብ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከዚያ "ባለፈው አንድ ወላጅ በሰጡን አስተያየት መሠረት ክፍላችንን አጽድተናል" አለ። ተነሣሁ። "ወላጁ እኔ ነኝ" አልኩ። "ያልኩት ሳላውቅ ነው" አልኩ። ሂባቅ፣ ይህን ቃል በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ተናግሬው አላውቅም፤ አፌ ውስጥ እንደ ጠጠር ነበር።

ቀጥዬ "ልጁ ከዚህ ቁም ሳጥን አንድ ነገር ነክቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ" አልኩ። ማንም አላወጣም። አሁን አፈሩ ብዬ ደስ አለኝ። የት አባታቸው ሊያፍሩ። አንዱ ጉምሩክ የሚሠራ፣ ክራቫቱ ከአንገቱ የሰፋ፣ "ልክ ነው፣ ልጆቻችን ይሰብሩታል፣ መቆለፉ ጥሩ ነው" አለ። ከኋላው ያለችው ሴት "ፎቶ ስናነሣው ያምራል" አለች። ሁሉም ቤታቸው ቡፌ አላቸው። ለልጆቻቸውም ቡፌ ነው ያስመዘገቡት፤ በመስታወት ሊያዩት፣ ለእንግዳ ሊያሳዩት። በወላጅነት የተሰበሰቡ የዕቃ ዘበኞች ናቸው። እኔም ሐምሌ ላይ ከነሱ አንዱ ነበርኩ፤ ስለዚህ የምሳደበው አውቄ ነው።

አንዲት ዳቦ ሻጭ፣ ኻድራ የምትባል፣ ቁጭ ብላ ሳለች "የኔ ልጅ መቁጠር የለመደው በጣሳው ነው። ጣሳው ሲወጣ ቁም ሳጥኑ ፊት አቁሜ ላስቆጥረው?" አለች። ሰው ሳቀ። ያን ጊዜ ተሻለች ተናገረች። እንደ ልማዷ በሹክሹክታ፤ ለመስማት ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። "ወይ ቁልፉን ወይ ጣሳዬን። ሰኞ ጠዋት ከሁለቱ አንዱ ልጆቹ እጅ ላይ ከሌለ ሌላ አስተማሪ ፈልጉ።"

አቶ ኃይለመለኮት ግድግዳውን አየ። እኔም አየሁ፣ አነበብኩትም። በክፈፍ የተሰቀለ አንድ የሥልጠና ወረቀት አለ፤ ስሙ የተሻለች ነው። በዚያ ቤት ሞንቴሶሪ የተማረ ሌላ ሰው የለም። እሷ ከሄደች ወረቀቱ አብሯት ይሄዳል፣ ያ ትልቅ ሰሌዳ የማንም አይሆንም። ሰውየው ቁልፉን ዳበሰው። ቀበቶውንም ያዘው። "ጣሳው ይመለስ" አለ።

ቁልፉን አልሰጠም። ቁም ሳጥኑ ዛሬም ተቆልፏል፣ አብረቅርቋል፣ ይበለው።

ጣሳዎቹን ግን ዘበኛው ለቆራሌው ሰጥቷቸው ኖሯል። እሑድ ቀፊራን ዞርኩት። አርባ ጣሳ ሰበሰብኩ፣ ጠርዛቸውን ሞረድኩ፣ ከራሴ ጆንያ ምስር ጨመርኩ፣ ይዤላት ሄድኩ። በጣቷ ዞር ዞር እያደረገች ጠርዛቸውን ዳበሰቻቸውና ሃያ ሁለቱን መለሰችልኝ። "ይቆርጣቸዋል" አለች። ሄጄ እንደገና ሞረድኩ። ድሮ ቢሆን ሃያ ሁለት ስድብ ነበር የምመልስላት።

አሁን ዋናውን። ለምዝገባ ስሄድ ቅጹን ሞልቼ ጨረስኩ፤ ከማንም ቀድሜ። ተሻለች አንድ ባዶ ወረቀት ጨመረችልኝ። ለሁሉም አሳዳጊ ነው የምትሰጠው፤ ልጁ ከዚህ በፊት ምን አጋጥሞታል፣ እኔ ማወቅ ያለብኝ ምንድን ነው፣ ይላል። ሌላው ሰው "ምንም" ብሎ ፈርሞ ይሄዳል። እኔም "ምንም" ብዬ ጀምሬ ነበር። ሰረዝኩት። "የሙኒያን ግራ እጅ ከወንበር ጋር ያሰረው አስተማሪዋ ነው። ቀኝ አስለምድልኝ ብዬ የነገርኩት እኔ አጎቷ ነኝ። ሰባት ወር እርሳስ አልያዘችም፣ ለእናቷም ደብቄያለሁ" ብዬ ጻፍኩ። አንዲት መስመር ለመጻፍ ይህን ያህል ጊዜ ወስዶብኝ አያውቅም። ፊደሉ ጠፍቶኝ አይደለም።

አነበበችው። አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። "ሰኞ አምጣት" አለች። "አንተ ከበሩ ትመለሳለህ።" እሺ አልኩ። ከሰኞ ጀምሮ ከበሩ እመለሳለሁ።

ሰው ከጠየቀሽ ዳይሬክተሩ የመጋዘን ጠባቂ ነው በይ፣ ወላጆቹ ቡፌ ናቸው በይ፣ ሰሌዳው ለግቢው አይመጥንም በይ። አስተማሪዋ ግን አለች። ሙኒያ ተመዝግባለች። ሥራሽን አትልቀቂ።

በድሩ

&nbsp;

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ በድሩ፣

ወአለይኩም ሰላም። ለዳሃቦ፣ ለቤቱም ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

አልመጣም። እስከ ሰኔ እቆያለሁ። ይቅር ብለሽኛል ወይ ብለህ በቃል የላክብኝ፣ ገና አላልኩህም፤ ስል እጽፍልሃለሁ፣ በጦልሃ በቃል የሚላክ አይደለም። ተሻለችን ደግሞ ተዋት። ሦስት ጊዜ ጣሳ ወስደህላት ሦስት ጊዜ እንደ ሙሽራ ቤተሰብ ቆመህ ምስጋና ጠበቅክ አሉ።

ዓርብ ዳሃቦ ስልኩን ለሙኒያ ሰጠቻት። አላለቀሰችም። ስለ እኔ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም፤ የሚያስቸኩል ጉዳይ ነበራት። "አጎቴ እርሳሱን አንቆ ነው የሚይዘው" አለችኝ። "ጣቱ እስኪነጣ። አያያዙን በየቀኑ አሳየዋለሁ፣ እኔን አይሰማኝም። አንቺ ንገሪው።"

ነግሬሃለሁ።

ሂባቅ